4032 ካለህ መጀመሪያ ፋይሉን ጠርጥር

ከሐረር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። ቴክኖ ስልክህ ሎጎ ላይ ቆሞ አልነሳ ብሏል፤ ፋይል አውርደህ በኤስፒ ፍላሽ ቱል (ከኮምፒውተር ስልክ ላይ ሶፍትዌር በሚጭነው ፕሮግራም) ልትጭን ስትል ደግሞ 4032 የሚል ኤረር ይሰጥሃል። ኬብል ቀየርክ፣ ድራይቨር ደጋግመህ ጫንክ፣ ያው ነው። አሁን ጓደኛህ «ፎርማት ኦል በለው፣ ይለቅሃል» አለህ፤ የስልኩን ሜሞሪ በሙሉ አጥፋው ማለቱ ነው።

አቦ፣ እሷን እንዳትነካ!

4032 ማለት ኮምፒውተሩ ስልኩን አግኝቶታል፣ ግን ራሙን ማስነሳት አቅቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ኬብሉን ተወው። ሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው ስልኮች ላይ የራሙ ሴቲንግ ያለው ፕሪሎደር በሚባለው፣ ስልኩ ሲነሳ ቀድሞ በሚሠራው ፋይል ውስጥ ነው፤ እና ስሙ አንድ የሆነ ስልክ ሁሉ ውስጡ አንድ አይደለም፣ በተለይ ርካሾቹ፣ ሳጥኑ ላይ ያው ስም ተጽፎ ቦርዱ ላይ ሌላ ራም ተገጥሞ ታገኘዋለህ። ያወረድከው ስሙ አንድ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ የወንድሙ ስልክ ፋይል ሳይሆን አይቀርም። ሪከቨሪ (የስልኩ የጥገና ሜኑ) የሚገባልህ ከሆነ ከላይ የተጻፈውን የቢልድ (የሶፍትዌር እትም) ቁጥር ፎቶ አንሳና በሱ ፈልግ። በስሙ ብቻ አትፈልግ።

ሌላም አለ። ስትሰካው የድምፅ ቁልፍ ይዘህ ነው አይደል? አጥፍተኸው ምንም ሳትነካ ሰካውና ሞክር። የስልኩ የራሱ ፕሪሎደር ደህና ከሆነ ራሙን እሱ ያነሳልሃል፣ ኤረሩም አንዳንዴ በዚችው ይጠፋል። ባትሪውንም ቀድመህ ቻርጅ አድርገው።

ከተገናኘ ቶሎ ዳውንሎድ (ፋይሉን ስልኩ ላይ መጫን) አትበል። መጀመሪያ በሪድባክ (ከስልኩ ወደ ኮምፒውተር በሚቀዳው ክፍል) ኤንቪራም፣ ኤንቪዳታ እና ሁለቱን ፕሮቴክት ክፍሎች ቅዳ፣ የስልኩ መለያ ቁጥርና የኔትወርክ ሴቲንግ ያለው እዚያ ነው፤ መነሻቸውና መጠናቸው የሜሞሪውን ክፍሎች በሚዘረዝረው ስካተር ፋይል ውስጥ ተጽፏል፣ በኖትፓድ ክፈተው። ፎርማት ኦል የሚበላው እነዚህን ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይነሳል፣ አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ግን የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ዋይፋይ ስትከፍት «ኤንቪራም ዋርኒንግ» የሚል ነገር ተደርድሮ ይጠብቅሃል። ያኔ የሌላ ስልክ ቁጥር እንጻፍልህ የሚል አይጠፋም። እኔ አልሠራውም፣ አንተም አታሠራ፤ የሚመለሰው ሳጥኑ ላይ ያለው የራሱ 15 ዲጂት ብቻ ነው።

ቀድተህ ስትጨርስ ዳውንሎድ ኦንሊ ምረጥ፣ ከፕሪሎደር ላይ ምልክቱን አንሳ፣ ፎቶዎችህን ከፈለግክ የአንተ ፋይሎች ካሉበት ከዩዘርዳታ ላይም አንሳ። ይተርፋሉ ብዬ ግን አልምልልህም። መብራት መሃል ላይ ጥርግ ካለ ጉድ ነውና ባትሪው በሚይዝ ላፕቶፕ ሥራው።

ትክክለኛው ፋይል ተገኝቶም 4032 ካለ ራሙ ወይም ብየዳው ነው፣ ሶፍትዌር አያድነውም። ወደ ድሬ ስትወርድ ታይዋን ገበያ ጎራ በል፣ ቦርዱን እናየዋለን። የቀዳኸውንም በፍላሽ ይዘህ ና።