ጸሐፊው ለምን ቁጥር ይዘላል?

ጥያቄ፦ የጥንት የወንጌል ቅጂ ጸሐፊዎች አንዳንዴ ሙሉ ቁጥር ይዘሉ ነበር ይባላል። እንዴት ይሆናል? በምንስ ይታወቃል?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት ዓይን ነው። ጸሐፊው ጥቂት ቃላት ያነባል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ምንጩ ይመልሳል። ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ዓይነት ቃል ካለቁ ታዲያ ዓይኑ ሁለተኛው ላይ ያርፍና መካከል ያለው ይቀራል።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈውን የመጽሐፍ ቅዱስ ቅጂ፣ ኮዴክስ ሲናይቲከስን እንይ። በሉቃስ 10፥31 ካህኑ ቁስለኛውን አይቶ «ገለል ብሎ አለፈ»፤ በቁጥር 32 ሌዋዊውም እንዲሁ። ጸሐፊው ከመጀመሪያው «አለፈ» ወደ ሁለተኛው ዘለለ፣ ሌዋዊው ከታሪኩ ወጣ! በጸሐፊው መፍረድ ይከብዳል። ወንጌሎቹ በየገጹ በአራት ዓምድ፣ በየዓምዱ 48 መስመር ሆነው፣ በቃላት መካከል ክፍተት ሳይኖር የተጻፉ ናቸው። የቁጥር ምልክትም አልነበረም፤ ዛሬ የምናውቀው የአዲስ ኪዳን ቁጥር በኅትመት የገባው በ1551 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው።

ግድፈቱን አራሚ ኋላ ሞልቶታል። አራሚ ባይደርስበት እንኳ ከሌሎች ቅጂዎች ጋር ሲነጻጸር ይያዛል፤ በዚያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ኮዴክስ ቫቲካነስ ሌዋዊውን አልጣለውም። አንድ ቅጂ ብቻ የሚጥለው፣ ቃሉም ተመሳሳይ መጨረሻ ያለው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ የተቀነሰ አይደለም።