«ካርቡሬተር ያው ካርቡሬተር ነው» ለሚሉ
የሞተር ጠያቂዎች ገጽ፤ ከጅማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከአሰንዳቦ ነው። ሦስት ሆነን ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ሰውና ዓሣ የምታመላልስ የፋይበርግላስ ጀልባ ከሐዋሳ ገዝተን አምጥተናል። ሞተሯ ከውስጥ የተተከለ የቤንዚን ሞተር ነው፤ መርክሩዘር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ስትነሣ ትጎተታለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ሞቃ ከጠፋች በኋላ ለማስነሣት መከራ ነው። ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰው ይወጣሉ። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይቀየር ተባልን፤ ሦስት ምርጫም ቀረበልን። አንደኛ፣ አንድ የመኪና መካኒክ ከቆመ ቶዮታ ፒካፕ የፈታውን ካርቡሬተር «ብረት ቆርጬ አስገጥምላችኋለሁ፤ ካርቡሬተር ያው ካርቡሬተር ነው» ይለናል። ሁለተኛ፣ ዱባይ ያለ ዘመዳችን ለጀልባ የተሠራ ሆሊ የሚባል አዲስ ካርቡሬተር፣ ባለ አራት ጉሮሮ፣ 600 የሚል ቁጥር ያለው አግኝቶልናል። ሦስተኛው የራሷ ዓይነት ሆኖ ተፈትቶ የታደሰ ነው። የቱን እንግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ያነበብኩት ፈረንጅ አራዳ ቡና ቤት ተቀምጬ ነው። «ቶዮታ» የሚለው ላይ ስደርስ ስኒዬን አስቀመጥኩት።

ከእርሱ እንጀምር። መካኒኩ በሥራው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ለመኪና ያለው ነገርም ልክ ነው። የመኪና ካርቡሬተር ቢያንጠባጥብ ቤንዚኑ በሞተሩ ላይ ወርዶ መሬት ላይ ይፈስሳል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ አንተም ሽታው ሲመጣብህ ትራገማለህ፤ በዚያው ያበቃል። የጀልባ ሆድ ግን ድስት ነው። ውኃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ነገር ቤንዚንም አያስወጣም። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንንም፤ ወለሉ ሥር ገብቶ ይተኛል፣ የማስነሻ ቁልፉን የሚያዞር ሰው ይጠብቃል።

የጀልባ ካርቡሬተር ከመኪናው በመልክ አይለይም። ልዩነቱ ቤንዚኑ ሲሞላና ሲያፈስስ የት ይሄዳል በሚለው ላይ ነው። ቤንዚን የሚያቁረው ጎድጓዳ ክፍል መተንፈሻ አለው፤ በብዙ የመኪና ካርቡሬተሮች ይህ መተንፈሻ ወደ ውጭ ይከፈታል። በጀልባው ላይ አየር ወደሚያልፍበት ጉሮሮ ታጥፎ ተሠርቷል። ስለዚህ በቤንዚኑ ላይ ተንሳፍፎ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ተበላሽቶ ቤንዚን ሲሞላ ትርፉ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ያንቀዋል፤ ሞተሩ ይጠፋል። አንተ «አስቸገረችን» የምትለው ይህንኑ ነው። እኔ ታንቃ መጥፋቷን ባያት ደስ ይለኛል፤ ቤንዚኑ ከእግርህ ሥር አልሄደም ማለት ነውና። የጋዙ ዘንግም እንዲሁ ነው፤ በዘንጉ ዳር የሚሾልከው ቤንዚን ወደ ውስጥ እንዲመለስ ተቦርቡሮ የተሠራ ነው። ከላይ የሚቀመጠውም የመኪና አየር ማጣሪያ ሳይሆን የእሳት ማገጃ ወንፊት ነው፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲያስል የሚወጣውን ነበልባል አቀዝቅዞ ያስቀረዋል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ደንብ የጀልባ ካርቡሬተር የተንሳፋፊው ባልቦላ ተከፍቶ ቢቀር እንኳ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ እንዳያፈስስ ያዝዛል። አንዲት የሻይ ማንኪያ መሆኗ ነው። የፒካፑ ካርቡሬተር ይህን የሚያሟላበት ምክንያት የለም፤ ለዚያ አልተሠራማ።

በወጣትነቴ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአንዱ ላይ ረዳት ሆኜ ስሠራ ጀልባው ላይ የመኪና ካርቡሬተር ተገጥሞ ነበር። የገጠመውን ሰው ስም ከእኔ አትሰማም። ጠዋት የሞተሩን ክዳን ስከፍት በጋዙ ዘንግ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ አየሁ፤ ፀሐይ ሲያርፍባት እንደ ብርጭቆ ታበራለች። በጣቴ ጠረግኳት፣ አሸተትኩ፣ «ትንሽ ናት» አልኩ። ክዳኑን ዘግቼ ቁልፉን አዞርኩ። ፍንዳታው ትልቅ አልነበረም፤ ጥጥ የተሞላ ፍራሽ በዱላ ሲመታ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። ክዳኑ ግን በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ውኃው ላይ ወደቀ፤ ቅንድቤ ለሁለት ወር አልበቀለም። ከጠብታዋ በፊት ሌሊቱን ስንት ጠብታ እንደወረደ አላሰብኩም ነበር። እንግዲህ ለመካኒኩ ምስጋናህን አቅርብና ካርቡሬተሩን ለፒካፕ ባለቤት እንዲሸጠው ምከረው። በነገራችን ላይ የመኪና ዲናሞ ወይም የመኪና ሞተሪኖ ተገጥሞባት ከሆነ ያንንም ጻፍልኝ፤ የጀልባዎቹ ብልጭታቸው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርገው የታሸጉ ናቸው።

ሆሊው የጀልባ ነው፤ ጥፋቱ ሌላ ነው። 600 የሚለው ቁጥር በደቂቃ የሚያሳልፈው አየር በኪዩቢክ ጫማ ሲለካ ነው፤ በሊትር 17,000 ያህል ይሆናል። ያንተ ሞተር ስንት ይፈልጋል? ባለ አራት ምት ሞተር አየር የሚስበው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው። 3 ሊትሩን በሙሉ ጋዝ በደቂቃ በሚዞረው 4,600 ዙር አባዛና ለሁለት ክፈለው፤ 6,900 ሊትር። ሲሊንደሮቹ ጢም ብለው ስለማይሞሉ ከዚያም ያነሰ ነው። ዘመድህ የላከልህ እንግዲህ የፍላጎትህን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ጉሮሮ ሲሰፋ አየሩ ይዘገያል፤ የዘገየ አየር ደግሞ ቤንዚን አይስብም። ጋዙን ስትከፍት ትንገዳገዳለች፣ ቤንዚኑም በጠብታ እንጂ በጭጋግ አይገባም። በዚያ ላይ ሞተርህ ላይ ካርቡሬተሩ የሚቀመጥበት መቀበያ ባለ ሁለት ጉሮሮ ነው፤ ብሎኖቹም አይገጥሙም። ሆሊው ባለ ስምንት ሲሊንደር 5.7 ሊትር ሞተር ላላቸው ሰዎች ጥሩ ዕቃ ነው። ዘመድህ ይመልሰው።

ቀረ ሦስተኛው። እርሱ ነው ምርጫዬ፤ ግን ገና ገንዘብ አታውጣ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ የድሮው ካርቡሬተርህ መሞቱን ያረጋገጠ ሰው በደብዳቤህ ውስጥ የለም።

የባትሪውን ገመድ ፍታ፣ ክዳኑን ከፍተህ ነፋስ ይግባበት፤ አጠገብህ የሚያጨስ ሰው አይኑር። ከቤንዚን ፖምፓው ወደ ካርቡሬተሩ የምትሄድ ቀጭን ግልጽ ቱቦ አለች፤ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫነት ታደላለች። ይህች ቱቦ ባዶ መሆን አለባት። ቤንዚን ካየህባት የፖምፓው ሽፋን ተቀዷል፤ ቤንዚኑን ወደ ጉሮሮው የሚያፈስሰው እርሱ ነው፤ አሥር ካርቡሬተር ብትቀያይር ጭሱ አይቆምም። ቱቦዋ ከደረቀች የእሳት ማገጃውን አንሣና ቾኩን ተመልከት፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየሩን የሚዘጋው ቅጠል ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ተዘግቶ ከቀረ ጥቁር ጭሱ ከዚያ ነው። የዚህ ሞተር ቾክ ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ የ12 ቮልት ሽቦው ወልቆ እንደሆነስ? ቾኩም ደኅና ከሆነ፣ ሞተሩ እንደጠፋ በባትሪ መብራት ጉሮሮውን እይ። ጠብ ጠብ የሚል ነገር ካለ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጉት መርፌዋና መቀመጫዋ አልዘጋ ብለዋል፤ ወይም ተንሳፋፊው ቤንዚን ጠጥቷል። ነሐስ ከሆነ አውጥተህ በጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው፤ ውስጡ ከተንቦጫቦጨ ተበስቷል። ሞቃ ስትጠፋ ማስነሣቱ መከራ ነው ስላልከኝ እኔ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ይህ ሁሉ በመጠገኛ ዕቃ የሚድን ነው፤ ጓርኒሲዮኑ፣ መርፌው፣ የማፍጠኛዋ ፖምፓ በአንድ ፓኬት ይመጣሉ። ካርቡሬተሩ መጣል ያለበት ዘንጉን በጣትህ ስትወዘውዘው በቀዳዳው ውስጥ ከተላወሰ፣ ወይም ውስጡ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ከተቦረቦረ ነው። ውኃ ያለበት ቤንዚን ከርሞበት ከነበረ እንዲህ ይሆናል። የእናንተን ቤንዚን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ በቢጫ ጀሪካን ነው የሚመጣው። ከማጣሪያው ጥቂት ወደ ጠርሙስ ቅዳና ሩብ ሰዓት አቆይ፤ ከታች ሌላ ፈሳሽ ከተኛ ውኃ ነው። የዘይቱን መለኪያም አውጥተህ አሽትት፤ ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱን ሳትቀይር አታስነሣት።

መቀየር ግድ ከሆነ የሚታዘዘው በጀልባው ስም ወይም በዓመቷ ሳይሆን ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ተከታታይ ቁጥር ነው። የታደሰው ሲመጣ ከአሮጌው ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፤ የብሎኑ ርቀት፣ የጋዙ ክንድ የሚወጣበት ጎን፣ የቤንዚኑ መግቢያ ጥርስ፣ ያቺ ግልጽ ቱቦ የምትሰካበት ቀዳዳ አንድ መሆን አለባቸው። የቱቦዋ ቀዳዳ ከሌለው ዕቃውን መልሰው።

አሁን እኔን ደስ ወደሚለኝ ነገር ልግባ። አሮጌውን ከእጅህ ከማውጣትህ በፊት ጂግለሮቹን ፍታ፤ ቤንዚን የሚለካባቸው ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች ናቸው። ፊታቸው ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ በአጉሊ መነጽር አንብበህ ጻፈው። ጊቤም ሐዋሳም ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ጂግለሩ ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን በለመደው መጠን ይለቃል። ከውጭ የሚመጣ ካርቡሬተር አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተለካ ነው፤ እዚህ ሲገጠም ቤንዚን ይበዛበታል። ሐዋሳ ላይ የነበረ አንድ ብልህ ሰው ጂግለሩን ቀይሮት ከነበረ፣ ያ ቁጥር ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ቁጥር ያነሰ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ያንኑ ወደ አዲሱ አዛውረው። ካልቀየረ ከመጽሐፉ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ የሚያንስ ግዛ። ከዚያ በላይ አታጥብብ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ለጊዜው ደስ ብሎት ይሮጥና ፒስተኑን ያቀልጣል።

ልክ መሆኑን ካንዴላው ይነግርሃል። ሐይቁ ላይ ጥሩ አድርገህ ነድተሃት ከሙሉ ፍጥነት በቀጥታ አጥፋትና አንዱን ፍታ። ለጅማ ሰው ማስረዳቱ ቀላል ነው፦ ያረረ ቡና ከመሰለ ቤንዚን በዝቷል፤ ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና ከመሰለ ደኅና ነው፤ ጨርሶ ነጭ ከሆነ ጂግለሩን አስፋ። በሙሉ ጋዝ የሞተሩ ዙር መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው በታች ከቀረ ግን ካርቡሬተሩን አትክሰስ። በሳሳ አየር የጠፋውን ጉልበት ካርቡሬተር አይመልስልህም፤ እርምጃው፣ ማለት በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት፣ የቀነሰ ፕሮፔለር ነው የሚያስፈልግህ።

ሞተሩን ከመጀመሪያው ማስነሣት በፊት አየር ማውጫው ማራገቢያ አራት ደቂቃ ይሥራ። ማራገቢያው የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ከካርቡሬተሩ በፊት እርሱን ጠግን። መሬት ላይ ያለ ውኃ አታስነሣት፤ የውኃ ፖምፓው ጎማ ለመቃጠል ደቂቃም አይፈጅበትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በ15 የፈረስ ጉልበት ያማሃ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ዓሣ ያሰግራል። አዲስ ካርቡሬተር ገዝተን ገጠምን፤ ልክክ ብሎ ገባ፣ አነሳሱም ጥሩ ነው። ግን ሦስት ሰው ሲሳፈር ጀልባው ከውኃው ቀና ብሎ አይሮጥም። በፊት አምስት ሰው ይጎትት ነበር። ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ የ9.9 የፈረስ ጉልበት ሞተር ካርቡሬተር ሸጠውላችኋል ብዬ እጠረጥራለሁ። የ9.9 እና የ15 ያማሃ ባለ ሁለት ምቶቹ የሞተር አካላቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም 246 ሲሲ ናቸው፤ ጉልበታቸውን የሚለየው በዋናነት የካርቡሬተሩ ጉሮሮ ስፋት ነው። ለዚህ ነው ልክክ ብሎ የገባው። አሮጌውንና አዲሱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪና የጉሮሯቸውን ጠባብ ቦታ በካሊፐር ለኪ፤ ካሊፐር ከሌለ እርሳስ በወረቀት ጠቅልለሽ ለአንዱ ልክ እስኪሆን አወፍሪውና ወደ ሌላው አስገቢው። አዲሱ ከጠበበ ወደ ሻጩ ይዘሽው ሂጂ፤ አሮጌውንም ይዘሽ፤ ማሸጊያውንም ሳትጥዪ።