ፔይን፣ ኤክ፣ ኸርት፣ ሶር፦ ልዩነታቸው

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ነርሲንግ ስትማሪ እነዚህ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉም «ሕመም» እየሆኑብሽ እንደተቸገርሽ ጽፈሻል። ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ ነገሩ ለታካሚም ይጠቅማል።

ፔይን ሰፊው ስም ነው። ድንገተኛውንም የቆየውንም፣ የአካሉንም የልቡንም ይይዛል። ኤክ ጠበብ ይላል፦ ኃይለኛ ያልሆነ፣ ግን ቶሎ የማይለቅ ሕመም ነው። በብርድ ጠዋት አያቶቻችንን ጉልበታቸው ላይ የሚይዛቸው ቁርጥማት ኤክ ነው። ሄድኤክ (ራስ ምታት) እና ባክኤክም (የጀርባ ሕመም) ከዚሁ ይወጣሉ። የመርፌ ውጊያ ግን ኤክ አይባልም።

ሶር ቅጽል ነው። የአንኮበርን ዳገት ወጥተሽ በማግስቱ ባትሽ ሲነካ ቢያምሽ ሶር ነው። ጉሮሮ ሲከረክርም ሶር ስሮት ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኸርት ላይ ነው። እዚህ የሚያስፈልግሽ ግስነቱ ነው። «እግሬን ያመኛል» ለማለት «ማይ ሌግ ኸርትስ» በቂ ነው። ከአማርኛው ተነስተን «ማይ ሌግ ኢዝ ፔይኒንግ ሚ» እንላለን፤ ይህን ተዪው። «አይ አም ኸርት» ካልሽ ደግሞ ተጎድቻለሁ ወይም ስሜቴ ተነክቷል ማለትሽ ነው። «አይ አም ሲክ» አሞኛል ነው፤ ብሪታንያ ውስጥ ግን «አይ ዋዝ ሲክ» ሲሉ ብዙ ጊዜ አስመለሰኝ ማለታቸው ነው።

አደራ፣ የመንዝ ገበሬ መጥቶ «ይወጋኛል» ቢልሽ ካርዱ ላይ ፔይን ብቻ ብለሽ አትለፊ። ስታቢንግ ብለሽ ጻፊ። «ይጠዘጥዘኛል» ካለ ስሮቢንግ፣ «ያቃጥለኛል» ካለ በርኒንግ። ሐኪሙ ምክንያቱን መጠርጠር የሚጀምረው ከሕመሙ ዓይነት ነው።