«ፀሐይ» በስንት ዓይነት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ የ5ኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ «ፀሐይ»ን አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሃይ» እያሉ ይጽፉታል። ነጥብ ልቀንስ ወይስ ልተወው? እንዴትስ ላስተምራቸው?

መልስ፦ ይተዉት አልልም። ነጥብ ከመቀነስዎ በፊት ግን የልጆቹን ችግር ይመልከቱ። የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ጸንና ፀን አይለይም፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስቱም አንድ ድምፅ ናቸው። ስለዚህ ይህች አጭር ቃል በ12 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች፤ ስትነበብ ሁሉም ያው ነው። «ደህና አድርገህ አዳምጥና ጻፍ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

ከፊደላቱ ስም ይጀምሩ። ሞክሼዎቹ፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት፣ ድሮም መለያ ስም አላቸው፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እያንዳንዱ ስም ፊደሉን የያዘ ቃል ነው፤ ይህ የቆየ ዘዴ ከብዙ ክፍል መጥፋቱ ያሳዝነኛል። «ፀሐይ በየትኛው ጸ ይጻፋል?» ለሚል ልጅ መልሱ ከስሙ ላይ አለ።

ቀጥሎ ቃሉን ከነዘመዶቹ ያስተምሩ። ነገሠ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ መንግሥት በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ሠን በቀለም ያስምሩበት። ጸሐፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍም እንዲሁ ናቸው፤ ሐ ወደ ሑ፣ ወደ ሕ ይለወጣል እንጂ ወደ ሀ አይሄድም። የ5ኛ ክፍል ተማሪ የቃል እርባታን (አንድ ቃል መልኩን እየለወጠ ሌሎች ቃላት ማስገኘቱን) መረዳት ስለሚችል፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ከመሸምደድ ይድናል።

ፊደል ትርጉም የሚለይባቸውን ቃላት ለብቻ ይያዟቸው። ሥዕል የሚሣል ነው፤ ስእለት ግን ልመናና ብፅዓት ነው። ምሁር ከመምህርና ከትምህርት ጋር በሃሌታው ሀ ይጻፋል፤ ምሕረት በሐመሩ ሐ። ምሥራቅ «ወጣ» ከሚለው ሠረቀ የመጣ ነው፤ ሌባ የሚሰርቀው በእሳቱ ሰ ነው። በክፍልዎ ትግርኛ ተናጋሪ ልጅ ካለ ሀንና ሐን፣ አንና ዐን በአነጋገሩ ስለሚለይ ለጓደኞቹ ያሰማላቸው፤ ልዩነቱ የፈጠራ አለመሆኑን በጆሯቸው ይሰሙታል።

ነጥብ የሚቀንሱት በቃል ጽሕፈት ፈተና፣ ያውም አስቀድመው ባስተማሯቸው ቃላት ላይ ብቻ ይሁን። በድርሰት ላይ ግን አስተካክለው ይጻፉላቸው እንጂ አይቀንሱባቸው፤ ልጁ ቀይ መስመር ፈርቶ የሚያውቀውን ቃል ይሸሻል።