ባለ ሁለት መስመር ሐዲድ በድልድይ ላይ፦ ጥያቄና መልስ ከአባ ሐዲድ ጋር

አባ ሐዲድ፦ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ በሞዴል ባቡር ሁለት መስመር በአንድ ድልድይ ስለማሻገር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ስኬላችሁን (ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ)፣ የሐዲዱን ዓይነትና የድልድዩን ርዝመት አብራችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ መመለስ አልችልም። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ያላችሁን ረጅም ፉርጎ በሁለቱም መስመር ሳታስኬዱ ምንም ነገር በማስቲሽ አታጣብቁ።

የኮሎኟ፦ ጋሼ፣ ኤችኦ ነው የምሠራው (1 ለ87)፣ ሐዲዱም ሜርክሊን የሚባለው ኩባንያ ሲ ሐዲድ። ባለ ሁለት መስመር የትረስ ድልድይ፣ ጎኑ ከተገጣጠሙ ዘንጎች የተሠራ፣ ገዝቼ ነበር፤ የውስጥ ወርዱ ለሁለቱ ሐዲድ አልበቃ አለ። ጎኑን ልቁረጠው?

አባ ሐዲድ፦ ድልድዩን እንዳትነኪው። ችግሩ ያለው ሐዲዱ ላይ ነው። የሲ ሐዲድ ከአንዱ መስመር መሀል እስከ ሌላው መሀል 77.5 ሚሊሜትር ይራራቃል። ይህን ያህል የሰፋው ጠባብ ኩርባ ላይ ረጃጅም ፉርጎዎች እንዳይነካኩ ነው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አያስፈልግም። ጀርመን አገር በእውነተኛው መስመር የተለመደው ርቀት 4 ሜትር ነው፤ ለ87 ስታካፍዪው 46 ሚሊሜትር ይመጣል። ብዙዎቹ የድልድይ ሞዴሎች በእነዚህ ሁለት ልኮች መካከል ይወድቃሉ።

ስለዚህ ሁለቱን መስመር ድልድዩ ጋ ከመድረሳቸው በፊት አቀራርቢያቸው። ድልድይሽ 62 ሚሊሜትር ይፈልጋል እንበል፤ የምትቀንሺው 15.5 ሚሊሜትር ነው። አንደኛውን መስመር ብቻ ወደ ሌላው አስጠጊ። 2 ሜትር ራዲየስ ባላቸው ሁለት ቀስ ያሉ ኩርባዎች፣ አንዱ ወደ ውስጥ ሌላው መልሶ ወደ ቀጥታ፣ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ይበቃሻል። ሲ ሐዲድ ተጣጣፊ፣ ማለት በእጅ የሚታጠፍ ሐዲድ፣ የለውም፤ ከሲ ወደ ኬ፣ ወደ ሌላኛው የሜርክሊን ሐዲድ፣ የሚያሻግረውን ቁራጭ ገዝተሽ እዚያ ቦታ ላይ የኬን ተጣጣፊ ሐዲድ ተጠቀሚ። ከዚያ በኋላ፣ ይህን አስምሪበት፣ ከኩርባው ማብቂያ እስከ ትረሱ አፍ ቢያንስ አንድ ረጅም ፉርጎ የሚያህል ቀጥ ያለ ሐዲድ ይኑር። የፊት ጎማዎቹ ቀጥታው ላይ ሆነው የኋላዎቹ ገና ኩርባው ላይ ካሉ የፉርጎው ገላ ሰያፍ ስለሚቆም የትረሱን ቋሚ ይገጫል።

የኮሎኟ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በልቤ ያለው እዚህ ኮሎኝ ያለውን የሆኸንዞለርን የባቡር ድልድይ መሥራት ነበር፤ በየቀኑ የማየው እሱን ነው።

አባ ሐዲድ፦ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ግን ልኩን እወቂ። እሱ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ድልድዮች ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ሐዲድ ይዞ በጠቅላላው ስድስት። ርዝመቱ 409 ሜትር ስለሆነ በኤችኦ 4.7 ሜትር ይሆናል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ፣ ያውም አንዱን ቅስት ብቻ ሥሪ።

አዲስ ገቢ፦ ባቡሬ ድልድዩ ላይ ይወድቃል። ምን ላድርግ?

አባ ሐዲድ፦ የቱ ባቡር? ሲገባ ነው ሲወጣ? በየትኛው መስመር?

ድሬ፦ ኤን ስኬል (ከኤችኦ የሚያንሰው)፣ ሐዲዱ የካቶ ኩባንያ ዩኒትራክ። የራሱ የካቶ ባለ ሁለት መስመር ትረስ ከድርብ ሐዲዱ ጋር ይገጥማል?

አባ ሐዲድ፦ ይገጥማል። በሁለቱም የመስመሮቹ ርቀት 33 ሚሊሜትር ነው። ቀጥል።

ሽቦ ቀጣይ፦ ለድልድዩ ለብቻው የኤሌክትሪክ መስመር ያስፈልገዋል? ዲሲሲ ነው፣ ዲጂታሉ መቆጣጠሪያ።

አባ ሐዲድ፦ ሽቦ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አሉ። ለእያንዳንዱ መስመር ከድልድዩ ወዲህም ወዲያም ኤሌክትሪክ የሚያደርስ መጋቢ ሽቦ በይድ፣ በሐዲድ ማያያዣዎቹ አትተማመን። ድልድዩ ብረት ከሆነ ሐዲዱ እንዳይነካው አረጋግጥ።

የለገሃር ልጅ፦ እኔ የአዋሽን የባቡር ድልድይ በሁለት መስመር እየሠራሁ ነው፤ የድሮውን፣ የፈረንሳዮቹን። በኤችኦ ሐዲድ ይሆናል?

ድሬ፦ ወንድሜ፣ የድሮው አንድ መስመር ነው! ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ሙሉው አንድ ነጠላ ሐዲድ ነበር።

የለገሃር ልጅ፦ ለገሃር ላይ እኮ ብዙ ሐዲድ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ድሬ፦ ጣቢያ ሌላ፣ መንገድ ሌላ። ባቡሮቹ የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን አያጣውም።

ቨርጂኒያ፦ አዲሱስ? እሱ ባለ ሁለት መስመር ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ድሬ፦ ከሰበታ እስከ አዳማ ብቻ። ከአዳማ ወዲያ አንድ ነው።

የለገሃር ልጅ፦ የራሴ ሰሌዳ ነው፣ ሁለት ባደርገው ማን ይከለክለኛል?

ድሬ፦ ማንም አይከለክልህም። አዋሽ ነው አትበለን ብቻ።

አባ ሐዲድ፦ ይብቃችሁ። ድሬ ትክክል ነው። የለገሃር ልጅ፣ ሌላም ነገር አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው መስመር የአንድ ሜትር ሐዲድ ነው፤ ሜትሩ ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊሜትር ስለሚሆን የሚያስፈልግህ ባለ 12 ሚሊሜትሩ ጠባብ ሐዲድ ነው። የኤችኦ ባለ 16.5 ሚሊሜትሩ አይሆንህም። የአገር ቤት ድልድይ በሁለት መስመር ካማረህ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አለልህ። ሐዲዱ መደበኛው ስፋት ስለሆነ 16.5ቱ ልክ ይገባል፣ የከተማው ሁለቱ የጉዞ መስመሮች የሚጋሩት ክፍል ደግሞ በምሰሶ ላይ ነው የሚሄደው። ኮንክሪት ስለሆነ በኮምፔርሳቶና በወፍራም ካርቶን ይሠራል፣ ትረስ መግጠም የለብህም። ስትጨርሰው ማየት እፈልጋለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ባቡሬ ድልድዩ ላይ ይወድቃል ብዬ ነበር፣ መልስ አላገኘሁም።

አባ ሐዲድ፦ ሦስት ጥያቄ ጠይቄሃለሁ። መልሳቸውና ተመለስ።

ቨርጂኒያ፦ ድልድዩ ራሱ ኩርባ ቢሆንስ? ኤችኦ፣ ኮንክሪት መሰል፣ ተጣጣፊ ሐዲድ። 46 ሚሊሜትር ማድረግ እፈልጋለሁ፣ እውነተኛውን እንዲመስል።

አባ ሐዲድ፦ በመጨረሻ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ መጣ። ኩርባ ላይ ፉርጎ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ መሀሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። በአጠገቡ በውጭኛው መስመር የሚያልፈው ፉርጎ መሀሉን ወደ እሱ ያስጠጋል፣ የውስጠኛው ደግሞ ጫፉን ወደዚያኛው ይልካል። የሚነካኩት እዚያ ጋ ነው።

በቁጥር እንየው። 26.4 ሜትር ርዝመት ያለው የአውሮፓ መንገደኛ ፉርጎ ሳያጥር ከተሠራ በኤችኦ 303 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንዱ የጎማ ስብስብ መሀል እስከ ሌላው 218፣ ወርዱ 32.5። በ437.5 ሚሊሜትር ራዲየስ የውስጠኛው ፉርጎ ጫፍ ወደ 12.5 ሚሊሜትር ይወጣል፣ የውጭኛው መሀል ወደ 11.5 ይገባል። ወርዱን ስትጨምርበት በመስመሮቹ መካከል የሚያስፈልገው ርቀት 57 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፣ ያውም ፉርጎዎቹ ሊነካኩ አፋፍ ላይ ሆነው። 46 እዚያ አይታሰብም። ራዲየሱን 1 ሜትር ብታደርገው ግን ድምሩ 44 ላይ ይወርዳል፤ 46 ስትሰጠው 2 ሚሊሜትር ይተርፍሃል። ያ ለእኔ ትንሽ ነው፣ ሐዲዱ ትንሽ ከተዛነፈ ይጠፋል። 50 አድርገው። ዓይን 4 ሚሊሜትሩን አይለየውም፣ የተገጨ ፉርጎ ግን ያሳዝናል።

የድልድዩን የዳር ከለላም አትርሳ፤ የውጭኛው ፉርጎ ጫፍ ወደ እሱ ነው የሚወጣው። ሁለት ረጃጅም ፉርጎ ጎን ለጎን አቁመህ፣ በእጅህ ቀስ እያልክ እየገፋህ በየመዳፉ ስፋት ተመልከት። ከዚያ በኋላ ብቻ ማስቲሽ።

ቨርጂኒያ፦ በምስማር ባስረውስ? እኔ ሁሌም በምስማር ነው።

ሽቦ ቀጣይ፦ ምስማር ሐዲዱን ያጣምማል።

ቨርጂኒያ፦ ከልክ በላይ ለሚመታ ሰው ነው እንጂ።

አባ ሐዲድ፦ ጠረጴዛ ላይ እንደፈለጋችሁ። ድልድይ ላይ ምስማር የለም፣ ስትመቱት ድልድዩ ይዘላል።

ቦሌ፦ ድልድይ ላይ በሐዲዱ መሀል የሚታዩት ተጨማሪ ሁለት ብረቶች ግዴታ ናቸው?

አባ ሐዲድ፦ ለመሮጥ አይደሉም፣ ለእውነተኛነት ናቸው። በእውነተኛው ድልድይ ከሐዲድ የወጣ ጎማ ወደ ዳር ሄዶ ገደል እንዳይገባ ይይዙታል። ከገጠምካቸው ከዋናው ሐዲድ ከፍ እንዳይሉ፣ ጎማው የሚያልፍበትን ክፍተት እንዳያጠቡ፤ ብረት ከሆኑም ከዋናው ሐዲድ ጋር እንዳይነካኩ። ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን ጥንድ ስጠው።

ቦሌ፦ ድልድዩ ሲያልፍ ይጮሃል፣ ምን ይሻላል?

አባ ሐዲድ፦ ቡሽ አንጥፍበት።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ አየሁት። ኤችኦ፣ ጠረጴዛው ኮምፔርሳቶ፣ ድልድዩ 60 ሴንቲሜትር። በውስጠኛው መስመር ብቻ፣ በግራ በኩል ሲገባ፣ የሎኮሞቲቩ የፊት ጎማ ይወጣል። የሐዲዱ መጋጠሚያ ልክ ድልድዩ የሚጀምርበት ላይ ነው።

አባ ሐዲድ፦ አሁን ጠየቅክ። ጥፋቱ መጋጠሚያው ያለበት ቦታ ነው። ጠረጴዛህ እንጨት ነው፣ እርጥበት ሲመጣና ሲሄድ ይሰፋል ይጠባል፤ ድልድዩ ለብቻው ቆሟል። ሁለቱ በተለያየ መጠን ሲነቃነቁ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ደረጃ ይፈጠራል፣ ጎማው እሷን ይወጣል። የጥፍርህን ጫፍ በሐዲዱ አናት ላይ ከጠረጴዛው ወደ ድልድዩ ጎትተው፤ ጥፍርህ ከተያዘ ጎማውም ይያዛል።

መጋጠሚያውን ከዚያ አንሳው። አንድ ሙሉ ተጣጣፊ ሐዲድ ከጠረጴዛው ተነስቶ ድልድዩን አቋርጦ ወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ መጋጠሚያዎቹ ከድልድዩ ጫፍ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቁ። በውጭኛው መስመርም እንዲሁ፣ ዛሬ ባይወጣብህም። ከዚያ ውሃ ልክ አስቀምጥበት፤ የድልድዩ አፍ ከጠረጴዛው ዝቅ ወይም ከፍ ካለ በቀጭን ካርቶን ደግፈው። ሐዲዱን ገና አታጣብቀው። ረጅሙን ፉርጎ በሁለቱም መስመር፣ ወደፊትም ወደኋላም አስኪድና የሆነውን ጻፍልኝ።