«ኃላፊነቱ» የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ባሕር ዳር የምማር የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ አዋጅ የምክር ቤት፣ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ነው ተባልን። አባቴ ግን ቀበሌ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ባየ ቁጥር «አዲስ ሕግ ወጥቷል» እያለ ይመጣል። ተሳስቷል? ሌላው፣ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ሲባል የተወሰነው የማን ኃላፊነት ነው? አስተማሪያችን «የአባላቱ» አለን። አማርኛው ግን እንደዚያ የሚል አልመሰለኝም። አጽሕሮቱስ በነጥብ ነው በእዝባር የሚጻፈው?

መልስ፦ ሁለተኛው ጥያቄሽ የቆየ ቁስሌን ነው የነካው። ስለዚህ በመጀመሪያው ብዙ አልቆይም።

አባትሽ አልተሳሳቱም። ሕግ የወል ስም ነው። አዋጁም፣ ደንቡም፣ መመሪያውም ሕግ ናቸው። «ሕግ ማለት ምክር ቤት ያጸደቀው ብቻ ነው» የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። ታዲያ ደንብ የጣሰ ሰው ምን ጣሰ ሊሉት ነው? ቃሉ ራሱ ይህን ጥበት አያውቀውም። ግእዙ «ሐገገ» ነው፤ ሕግ ሠራ፣ ደነገገ። ከዕብራይስጡ «ሖቅ» ጋር የሚያዛምዱት አሉ፤ የዚያ ሥር ደግሞ መቅረጽ፣ መፈልፈል ነው። ማን ቀረጸው የሚለው ጉዳይ ከቃሉ ውስጥ የለም። አባትሽን የማርማቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሕጉን የሚያስታውቅ እንጂ ሕጉ አይደለም።

የደረጃው ነገር አስተማሪሽ እንዳሉት ነው። ከላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። በፌዴራል ደረጃ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ያወጣል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመበት ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በተሰጠው ሥልጣን ልክ ደንብ ያወጣል። መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ያወጣሉ፤ አወጣጡን የሚገዛው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። እናንተው ከተማ የተቀመጠው የአማራ ክልል ምክር ቤት ያወጀው በ«ዝክረ ሕግ» ጋዜጣ ይታተማል። ይህን ስም ከ«ነጋሪት ጋዜጣ» አብልጬ እወደዋለሁ። ነጋሪት ተጎስሞ ይቀራል፤ ዝክር ግን ይዘከራል።

ነጋሪትን ካነሣሁ አዋጅን ሳልነካ አላልፍም። አማርኛ «ደ»ን መጨረሻ ላይ ወደ «ጅ» ማለስለስ ይወዳል። ወላዲ ወላጅ ሆነ። ፈራዲ ፈራጅ ሆነ። ሰጋዲ ሰጋጅ ሆነ። ዐዋዲም ዐዋጅ ሆነ። ግእዙ «ዐወደ» ዞረ ማለት ነው፤ ዐውደ ዓመት፣ ዐውደ ርእይ፣ ዐውድ ሁሉም ከዚያው የተቀዱ ናቸው። ዐዋዲ እየዞረ የሚለፍፈው ሰውዬ ነበር። አየሽ፣ አዋጅ መጀመሪያ ወረቀት አይደለም፤ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው ነው። በኋላ የሰውየው ስም ለሚናገረው ነገር ተሰጠ። ሰውየው ስም አልባ ሲቀር «አዋጅ ነጋሪ» የሚል አዲስ ስም ወጣለት። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋም ደግሞ ከበሮው ወረቀት ሆነ። ያዋጁን በጆሮ እንዳይሆንብኝ እንጂ ይህ ሁሉ ከቅርጹ የሚነበብ ነው። ለፈተናሽ አይጠቅምሽም፤ ብታውቂው ግን ደስ ይላል።

ደንብ ብዙ አያነጋግርም። ባሕር ዳር ላይ መንገድ ዳር የሚነግድ ሰው ሁሉ «ደንብ መጣ!» ሲባል ዕቃውን ጠቅልሎ የሚሮጠው ከደንቡ ሳይሆን ከደንብ አስከባሪው ነው። እዚህም ሕጉ በሰው ተተካ ማለት ነው። መመሪያና መምሪያን ግን አታምታቺ። መምሪያ ከ«መምራት» ነው፤ የሚመራው ቢሮ። መመሪያ ከ«መመራት» ነው፤ የሚመሩበት ጽሑፍ። አንዲት «መ» ቢሮን ከወረቀት ትለያለች። «የዞኑ መመሪያ ኃላፊ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ባየሁ ቁጥር ወረቀት የሚመራ ሰው ይታየኛል።

አሁን ወደ ቁስሌ።

ሕጉ እንዲህ ነው። አምስት ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው 200 ሺህ ብር አዋጥተው ከባሕር ዳር ዘጌ እንግዳ የሚያመላልስ የጀልባ ማኅበር አቋቋሙ እንበል። ማኅበሩ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነው። በስሙ ይገዛል፣ ይበደራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ሥራው ከሰረና የ3 ሚሊዮን ብር ዕዳ መጣ። ባለዕዳው ማኅበሩ ነው። ባንክ ያለውን ገንዘብ፣ ጀልባውን፣ ሞተሩን፣ የቢሮውን ወንበር ሳይቀር ለዕዳው ያስረክባል። እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይጠየቃል። አምስቱ አባላት ግን ያዋጡትን ያጣሉ እንጂ ሽምብጥ ሠፈር ያለ ቤታቸው አይነካም። በማኅበሩ ስም ያጭበረበረ አባል ሲገኝ ይህ ከለላ ሊነሣበት ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ኃላፊነቱ የተወሰነው የማን ነው? የአባላቱ። የማኅበሩስ? የማኅበሩማ አልተወሰነም! ያለውን ሁሉ ነው የሚከፍለው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ራሱ በቁጥር 510 ሲተረጉመው አባላቱ በመዋጮአቸው ልክ ብቻ የሚጠየቁበት ማኅበር መሆኑን ይናገራል። ትርጓሜው ልክ ነው። ስሙ ነው የተጣመመው።

አማርኛውን እንይ። «እግሩ የተሰበረ በሬ» ስልሽ የማን እግር ነው? የበሬው። «ስሙ የተጠራ ሰው»፣ «ዋጋው የተወደደ ዕቃ»፣ «ጣሪያው የተነሣ ቤት»፤ ሁሉም አንድ ናቸው። «ኡ» ወደ ኋለኛው ስም ይጠቁማል። ስለዚህ «ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር» ያለ አማርኛ ተናጋሪ የሚሰማው የማኅበሩ ኃላፊነት መወሰኑን ነው። ጆሮሽ አልዋሸሽም።

ስያሜው ልክ ነው የሚሉ ሰዎች መልስ ይህ ነው፦ «ኡ» ሁልጊዜ ባለቤትነትን አያሳይም። እመር የሚያደርግ፣ ማለትም ነገሩ የታወቀ መሆኑን የሚያሳይ ቅጥያም ነው። «ስብሰባው የተደረገበት አዳራሽ» ስንል ስብሰባው የአዳራሹ ነው ማለታችን አይደለም፤ «ያ የምናውቀው ስብሰባ» ማለታችን ነው። «ኃላፊነቱ»ም እንደዚያ ነው ይላሉ።

ጥሩ ምሳሌ መረጡ። ግን ምሳሌያቸውን እስኪ ደግመሽ አንብቢው። «የተደረገበት» ነው የሚለው! «በት» አለችው። ስብሰባውን ከአዳራሹ ጋር የምታያይዘው እሷ ናት። «ስብሰባው የተደረገ አዳራሽ» በይና እናትሽ ምን እንደሚሉሽ ጠይቂያቸው። ስለዚህ ስያሜው «ኃላፊነት የተወሰነበት ማኅበር» ቢሆን ኖሮ እኔም አርፌ እቀመጥ ነበር። የጎደለችው አንዲት «በት» ናት። የ1952ቱን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዮቹ ኤስካራና ዦፍሬ ነበሩ፤ ፈረንሳይኛው «ኃላፊነት» የሚለውን ቃል ያለ አገናዛቢ፣ የማን መሆኑን ሳይናገር ነው የሚያስቀምጠው። የእኛዋ «ቱ» ከዚያ አልመጣችም።

ነገሩ ጥቃቅን ነው የሚለኝ አይጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። በነጋሪት ጋዜጣም አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተለያዩ የሚገዛው አማርኛው ነው። የሚገዛ ቋንቋ ደግሞ አንዲት «በት» ሊቆጥብ አይገባም።

«ኃላፊ» የሚለው ቃልም የራሱ ጉድ አለው። «ኀለፈ» በግእዝ አለፈ ነው። ኃላፊ ጊዜ ያለፈ ጊዜ ነው። ይህ ዓለም ኃላፊ ነው ሲባል ሰምተሻል። ታዲያ የሚያልፈው እንዴት ተጠያቂ ሆነ? የዐረብኛው ዘመዱ «ኸለፈ» ነው፤ ተከተለ፣ ተተካ ማለት። «ኸሊፋ» ከዚያ ነው፤ ምትክ፣ ወኪል። እኔ እንደሚመስለኝ የኛም ኃላፊ በሌላ ቦታ ገብቶ ስለ ሌላው የሚመልስ ሰው ነው። ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ ማኅበሩ በአባላቱ ፈንታ ዕዳ የሚመልስ «ኃላፊ» ነውና ቃሉ በትክክለኛው ሰው ላይ ወድቋል። የተወሰነው ብቻ ነው ቦታውን የሳተው።

«ማኅበር»ም ቢሆን በኀ ነው። «ኀበረ» ተባበረ። በሀ ወይም በሐ የምትጽፉት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰሌዳው ሁሉ «ማህበር» ይላል፤ አንባቢ አልተቸገረም፤ እኔ ብቻ ነኝ የምቸገረው። ቃሉ የሚሸፍነው ነገርም ሰፊ ነው። የጣና ዓሣ አስጋሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢደራጁ የሚገዛቸው የንግድ ሕጉ አይደለም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። በጎ አድራጊዎች ቢሰባሰቡ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አለላቸው። ሠፈርሽ ያለው የጽዋ ማኅበር ደግሞ ከሙሴው፣ ከማኅበሩ መሪ፣ በቀር የሚገዛው የለም። እዚያ ተራ የደረሰው ሰው ጠላው ቢያልቅበት «ኃላፊነቴ በመዋጮዬ ልክ ነው» ማለት አይችልም። ጎረቤት ተበድሮም ቢሆን ያወጣዋል።

ይባስ ብሎ የ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሚባል አመጣ። በድሮው ሕግ ከሁለት ያላነሱ፣ ከ50 ያልበለጡ አባላት ያስፈልጉ ነበር። አሁን አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር ነው። ከማን ጋር አብሮ? ለነጋዴ ይህ ትልቅ እፎይታ መሆኑን አልክድም፤ ለይስሙላ ዘመድ አባል ማድረግ ቀረ። ለዚህ «ኩባንያ» ይሻል ነበር ብዬ አስቤ ነበር። የእሱ ዘር ግን ከኮምፓኒያ ነው፤ የዚያ ሥር በላቲን «አብሮ እንጀራ የሚበላ» ነው። ብቸኛው ሰውዬ እዚያም አልተመቸውም።

ለፈተናሽ አስተማሪሽ ያሉትን ጻፊ፤ በሕጉ ልክ ናቸው። «በት»ን ጨምሪ ብልሽ ነጥብ ታጪያለሽ። ስያሜው ከስድሳ ዓመት በላይ ሠርቷል፤ አዲሱም ሕግ እንዳለ ወስዶታል። ነጋዴው ደግሞ «ፒኤልሲ» ብሎ ሁለታችንንም ገላግሎናል። ተሸንፌአለሁ፤ አላመንኩም እንጂ።

የአጽሕሮቱ ነገር፦ እኔ በነጥብ እወዳለሁ፤ ኃ.የተ.የግ.ማ.። ዓ.ም. በነጥብ ነው፤ ይሄም ብዙ ቃል የተጨመቀበት ስለሆነ ከእሱ ጋር ይሄዳል። እዝባሩን ለወ/ሮ እና ለት/ቤት ብንተውላቸው ደስ ይለኛል። ሰሌዳ ጻፊዎች ግን ኃ/የተ/የግ/ማ ነው የሚጽፉት፤ ስሕተት ነው ብዬ ልከራከር አልችልም። ከሁለቱ በመረጥሽው ጻፊ። ብቻ አንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን አትደባልቂ፤ መጀመሪያ ያለችውንም «ኃ» በ«ሀ» አትለውጫት።