ሰፊ የኤሌክትሪክ መረቦች ለምን ይፈርሳሉ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ሰፊ መረብ በአንድ መስመር ብልሽት እንዴት ሊጨልም ይችላል?

መልስ፦ በአንድ መስመር ብልሽትማ አይጨልምም፤ አንዱ አካል በድንገት ቢወጣ የቀሩት ጭነቱን እንዲሸከሙ ታስቦ ነው የሚመራው። አደጋው ያለው ከመጀመሪያው ብልሽት በኋላ ሥርዓቱ ሳይስተካከል ሌላው ሲከተል ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሦስት የ345 ኪሎ ቮልት መስመሮች ዛፍ እየነኩ በ40 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሲቋረጡ፣ የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ ቀደም ብሎ ስለተበላሸ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሠራተኞች አላወቁም። የእኔ ሙያ የሆነው ሪሌይ፣ ማለትም ብልሽት ሲያይ መስመርን በራሱ የሚያስቆርጠው መሣሪያ፣ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ሳሚስ–ስታር በተባለው መስመር ላይ ምንም ሾርት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የናረው ጭነትና የወረደው ቮልቴጅ ተደምረው፣ የብልሽትን ርቀት ከቮልቴጅና ከጅረት ለሚገምተው የርቀት ሪሌይ፣ ሩቅ ቦታ ላይ የተፈጠረ ሾርት መስለው ስለታዩት መስመሩን ቆረጠው። ሪሌዩ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ከዚያ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መብራት አጡ። መነሻው የማመንጫ እጥረት አልነበረም፤ እጥረትና የመረብ መፍረስ አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተጨማሪ ማመንጫ ቢገነባ ችግሩ አይፈታም?

መልስ፦ እባክዎ ከላይ ያለውን እንደገና ያንብቡ።

አንድ የውይይቱ አባል፦ በቴክሳስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 የደረሰው ግን እጥረት ነበር፤ የነፋስ ተርባይኖች በረዷማ ሆነው ቆመዋል።

ሌላ አባል፦ ከሁሉ ይበልጥ ከሥራ የወጡት የጋዝ ማመንጫዎች መሆናቸውን ለምን ይዘሉታል?

መልስ፦ የነፋስና የጋዝ ክርክራችሁን ለብቻው ቀጥሉበት። ፍጆታ ከምርት ሲበልጥ ጀነሬተሮች ፍጥነታቸው ይቀንሳል፣ ፍሪኩዌንሲውም (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚወዛወዝበት ብዛት) ይወርዳል፤ ብዙ ከወረደ ማመንጫዎቹ ጉዳትን ፈርተው ይወጣሉ፣ ይህም ውድቀቱን ያባብሳል። በቴክሳስ ችግሩ በደረሰበት ሌሊት ከ60 ወደ 59.3 ኸርዝ ገደማ ሲወርድ ተቆጣጣሪዎቹ ሆን ብለው ደንበኞችን በማቋረጥ መልሰውታል። እጥረቱ ከባድ ነበር፣ መረቡ ግን አልፈረሰም። ለሦስተኛ ጊዜ አልደግመውም።

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ መረብ አስተማማኝ ነው ወይ?

መልስ፦ የትኛው መረብ፣ ከየትኛው ችግር? ይህ ሳይገለጽ መልስ የለውም።

ጥያቄ፦ ታሪፍስ?

መልስ፦ ዘርፌ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሪሌዩ ጭነትን ከሾርት እንዲለይ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሪሌዩን እይታ፣ ማለትም ብልሽት የሚያይበትን ርቀት፣ በጣም ማስረዘም ሩቅ ያሉ ብልሽቶችን ለመያዝ ይረዳል፤ ነገር ግን በአደጋ ጊዜ የሚጨምረውን ጭነትም አብሮ ይይዛል። ስለዚህ ከ2003 በኋላ በሰሜን አሜሪካ የወጣው ደንብ፣ ከዋና መስፈርቶቹ አንዱ፣ ሪሌዩ ከመስመሩ የመሸከም አቅም እስከ 150 በመቶ ድረስ እንዳይቆርጥ ይጠይቃል። ኦፕሬተሩ ጭነቱን ለማቅለል ጊዜ የሚያገኘው በዚህ ክፍተት ነው። የመስመር ሽቦ ለውጣችሁ አቅሙን ካሳደጋችሁ በኋላ የሪሌዩን ሴቲንግ እንደነበረ ከተዋችሁት ግን ክፍተቱ አብሮ ይጠፋል።